ሁለት ፓኬጆች ለአንድ ፋይል ሲጣሉ
(በቆቦ ለክረምት ዕረፍት ለተሰበሰቡ ተማሪዎች የተደረገ ንግግር)



የጎሊናና የሆርማት ጎርፍ ከደጋው ሲወርድ፣ በአንድ ቦይ ላይ ሁለት ባለቤት ከተነሣ ማሽላው ውሃ እንደማያገኝ የራያ ገበሬ ከእኛ ይልቅ ያውቃል። በሊኑክስም ሕጉ ይኸው ነው፤ አንድ ፋይል የአንድ ፓኬጅ ንብረት ነው። ሌላው ፓኬጅ ያንኑ ፋይል በዚያው ስፍራ ላኑር ቢል፣ በዴቢያንና በኡቡንቱ የሚሠራው «ዲፒኬጂ» እምቢ ይላል።

ጉዳዩ የዲስካችንን ፋይል ሥርዓት ስለሚነካ ቀላል አይደለም። የ«ኤክስት4» መሣሪያዎች የሚሠሩበት ላይብረሪ እስከ ዴቢያን 12 ድረስ «ሊብኤክስት2ኤፍኤስ2» ይባል ነበር። በ2016 ዓ.ም. በወጣው ኡቡንቱ 24.04፣ በ2017 ዓ.ም. በወጣውም ዴቢያን 13፣ በስሙ መጨረሻ «ቲ64» ተጨመረ። ምክንያቱ ዘመን ነው። ከ1970 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሰከንድ የሚቆጥረው የ32 ቢት ሰዓት በ2030 ዓ.ም.፣ በጥምቀት ዕለት፣ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ሲሆን ይሞላል። (ታቦቱ ገና ከማደሪያው ሳይነሣ ማለት ነው!) ስለዚህ ቆጣሪው ወደ 64 ቢት እንዲሰፋ ተደረገ፤ የፓኬጆቹም ስም ተለወጠ። በውስጣቸው ያለው ፋይል ግን ስሙ አንድ ስለ ሆነ፣ አሮጌውና አዲሱ አብረው ሊኖሩ አይችሉም።

ተራው የ«አፕት» ማሻሻያ ደግሞ የቆየ ፓኬጅ አያነሣም። አሮጌው ካልተነሣ አዲሱ አይገባምና ከበር ይቀራል። ይኸን ጊዜ ብዙዎቻችን «በግድ ደርበህ ጻፍ» የሚለውን ትእዛዝ እንመኛለን። አይገባም እንላለን። ኮምፒዩተሩ ሲነሣ ዲስኩን የሚመረምረው ፕሮግራም ራሱ በዚህ ላይብረሪ ነው የሚሠራው፤ የመመረቂያ ጽሑፋችንም ያለው በዚያው ዲስክ ነው።

እንግዲህ አስቀድመን ጽሑፋችንን በሌላ ዲስክ እንገልብጥ። በስልክ ዳታ ለምንሠራ ደግሞ ፓኬጁን ሁሉ አውርዶ፣ ባትሪውን ሞልቶ መጀመር ይሻላል፤ መብራት ሲጠፋ ግማሽ መንገድ ላይ መቅረት አለና። ጠቡ ሲነሣ የፋይሉ ባለቤት ማን እንደ ሆነ «ዲፒኬጂ»ን እንጠይቀው። ባለቤቱ ከውጭ ምንጭ የመጣ ፓኬጅ ከሆነ ምንጩን ለጊዜው እንዝጋ፤ አንዳንዴም ነገሩ ማንም ያላስታወሰው እገዳ ሆኖ ይገኛል። ከዚያ በኋላ ሙሉውን ማሻሻያ በልምምድ መልክ አስኪደን፣ ይነሣሉ የሚላቸውን ስሞች አንድ በአንድ እናንብብ። አሮጌው ላይብረሪ ቢኖርበት ደግ ነው፤ «ኢ2ኤፍኤስፕሮግስ» ከተጻፈበት ግን መልሳችን «አይሆንም» ይሁን።

መካከል ላይ የተቋረጠም እንደ ሆነ፣ «ዲፒኬጂ» የጀመረውን ሁሉ እንዲያዋቅር ማዘዝ ይቀድማል፤ የተሰበረውን እንዲጠግን «አፕት»ን የምንጠይቀው ከዚያ ወዲያ ነው።