ዘሩን ጠበቅን፤ እጁንስ?



ስለ ቤት ምግብና ስለ ቤተሰብ ሥር ጥቂት እናገራለሁ። የምናገረውም ከተወለድኩበት ከሱሉልታ ተነሥቼ ነው።

ሱሉልታ ከእንጦጦ በስተ ሰሜን የተዘረጋ ደጋ ሲሆን፣ በወተቱ፣ በቅቤውና በድርቆሹ አዲስ አበባን ሲያገለግል የኖረ አገር ነው። በዚያ ባለው የኦሮሞ ቤተሰብ ዘንድ በኦሮምኛ መርቃ የሚባለው የገብስ ገንፎ የአራስ ቤት ምግብ ነው፤ ጭኮም የመንገደኛ ስንቅና የእንግዳ ክብር ነው። አሠራራቸው ሲነገር ቀላል ነው፤ ገብሱ ይፈተጋል፣ ይታመሳል፣ ይፈጫል፤ ጭኮ ሲሆን ዱቄቱ በቅመም በተነጠረ ቅቤ ይታሻል። ጥበቡ ያለው ግን በምጣዱ ላይ ነው፤ ያልደረሰው ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ያለፈበት ይመራል።

ታናሽ እኅቴ በወለደች ጊዜ እናታችን በሕይወት አልነበረችም። ዱቄቱ ከሱቅ ተገዛ፤ ቅቤውም አልጎደለም፤ ገንፎው ግን የእናታችን ገንፎ አልሆነም። ገብሱ ከምጣድ የሚወጣበትን ጊዜ ከልጆቿ አንዳችንም ጠይቀናት አናውቅም ነበር። በልተን አደግን እንጂ ጠይቀን አላደግንም።

ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ አገራችን መጥቶ የገብሳችንን ልዩ ልዩነት ለዓለም አስታውቋል። እ.ኤ.አ. በ1976ም በአዲስ አበባ የዕፅዋት የዘር ሀብት ማዕከል ተቋቁሞ ዘሩ ጠባቂ አገኘ። ያንን ዘር ምግብ የምታደርገውን እጅ ግን ማን ይጠብቃት?

ጉዳዩ የሱሉልታ ብቻ አይደለም። ሱሉልታ፣ ሰበታና ቡራዩ በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ተጠቃለዋል፤ ማሳቸው ወደ ፋብሪካና ወደ መኖሪያ ቤት መለወጥ የጀመረው ግን ከዚያ አስቀድሞ ነው። በቡራዩ ከጋሞ ደጋ የመጡ የሸማኔ ቤተሰቦች ይኖራሉ፤ በጅማ መንገድ ላይ ባለችው በሰበታም ከጉራጌ የመጣ ቤተሰብ አይታጣም። እነዚህ የእንሰት ጓሯቸውን ትተው መጥተው ቆጮውን ከገበያ ይገዛሉ፤ የአገሬው ገበሬም ማሳው ሲሄድ ገብሱን ከገበያ ይገዛል። ለሁሉም የቀረላቸው ሥር በምድጃው ዙሪያ ያለው ዕውቀት ነው።

እኛ የሥነ ምግብና የቤት አያያዝ ባለሙያዎች የምግብን ጥቅም በሚዛንና በቁጥር ስናስተምር ኖረናል። አሁን ደግሞ እንማር ዘንድ እለምናችኋለሁ። እያንዳንዳችን በዚህ ዓመት ከአንዲት እናት አጠገብ ተቀምጠን፣ አንድ ምግብ ከእህሉ መረጣ እስከ ገበታው ድረስ እንጻፍ። «እስኪበቃው» ሲሉን እፍኙን እንስፈር፤ «ሽታው ይነግራችኋል» ሲሉን አብረን እናሽትት። ከማን እንደተማሩትም ስሙን እንመዝግብ፤ የቤተሰብ ሥር የሚገኘው በዚያ ስም ውስጥ ነውና።

እኔ መጀመር የነበረብኝ ከእናቴ ነበር፤ አሁን ከአክስቴ ጀምሬአለሁ። እናንተ ግን እንደኔ አትዘግዩ።