የፈላና በር ሕፃንና የመዝገብ ቤቱ ጥያቄ



የሐረር ጀጎል ግንብ በ16ኛው መቶ ዓመት በአሚር ኑር ዘመን ሲታነጽ አምስት በሮች ተበጅተውለታል። በሰሜን በኩል ያለው፣ በሐረሪ ቋንቋ አሱም በሪ የሚባለው፣ ፈላና በር ነው። ከገጠር ወደ ከተማዪቱ ከሚገቡት መካከል ዘመድ የማይጠብቃቸው፣ ቀን ዕቃ ተሸክመው ማታ በረንዳ ላይ የሚያድሩ ሕፃናት አሉ። ከነዚህ አንዱ መማር ሽቶ ከትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ቢቀርብ የት፣ በስንተኛስ ክፍል ይመደባል? የዚህ ንግግር ጉዳይ ይኸው ነው።

መዝገብ ቤቱ የሚጠይቀው የታወቀ ነው፤ የልደት የምስክር ወረቀት፣ የአሳዳጊ መታወቂያ፣ የውጤት ካርድና መሸኛ። ልጁ ከነዚህ አንዱም የለውም፤ ጥፋቱ ግን የእርሱ አይደለም። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ ቁጥር 760 በ2004 ዓ.ም. ቢወጣም፣ ምዝገባው በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 36 ሕፃናትን በሚመለከት እርምጃ ሁሉ ደኅንነታቸው እንዲቀድም ያዛል። ድንጋጌው የአስተዳደር ባለሥልጣኖችን ስለሚጨምር መዝገብ ያዡ አይመለከተኝም ሊል አይችልም። በ2010 ዓ.ም. በሐረር አጠገብ በሐማሬሳ የተጠለሉትን ተፈናቃዮች ወረቀታችሁ የት አለ ብሎ የሚወቅስ አልነበረም፤ ብቻውን የተፈናቀለው ሕፃን ግን ዘወትር ይጠየቃል።

ወረቀት የሌለውን ተማሪ መቀበል ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኮፋዳውን አንግቶ ከደብር ደብር ሲዞር የኔታ የሚጠይቁት «ምን ተምረሃል? የት ደርሰሃል?» ብለው ነበር። አስነብበው ዳዊት ያልዘለቀውን ከዳዊት፣ የዘለቀውን ከዜማው ያስገቡታል። ከሼህ ወደ ሼህ የሚሻገረው ደረሳም የሚጠየቀው የቀራውን ኪታብ እንጂ አድራሻውን አልነበረም። ይህ ሲባል ያ ሥርዓት እንዳለ ይመለስ ማለት አይደለም፤ ተማሪው በረኃብና በውሻ ንክሻ ሲሠቃይ፣ ሴት ልጅ ደግሞ በአብዛኛው ከበሩም አትደርስም ነበር። ዛሬም ቤት አልባዋ ልጅ ብዙ ጊዜ በሰው ቤት በሠራተኛነት ተሸሽጋ ስለምትኖር በረንዳ ላይ ስላልታየች ብቻ የለችም አይባልም።

ከሁሉ የሚከብደው የክፍሉና የቋንቋው ምርጫ ነው። በሐረር የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርት በሐረሪ፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ ይሰጣል። ከባቢሌ ገጠር እስከ አራተኛ ክፍል በአፋን ኦሮሞ ተምሮ የመጣ ልጅ፣ ካርድ የለህም ተብሎ ቅርብ ከሆነው የአማርኛ አንደኛ ክፍል ቢገባ፣ ማንበብ የሚችለው ልጅ እንዳልተማረ ይቈጠራል። የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ከሰባት ዓመት ሕፃናት ጋር ሲቀመጥ ጉልበቱ ከዴስኩ ሥር አይገባም፤ ብዙም ሳይቈይ ወደ በረንዳው ይመለሳል። ጀጎል በጠቅላላው 48 ሄክታር ያህል ነው። በቋንቋው ወደሚያስተምረው ትምህርት ቤት ጥቂት መጓዝ ለዚህ ልጅ አይከብደውም።

በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣውና በኋላ የተሻሻለው የማኪኒ ሕግ ቤት አልባው ተማሪ ማስረጃ ባይኖረውም ወዲያው እንዲመዘገብ፣ ለጥቅሙ ከሆነም በቀድሞው ትምህርት ቤቱ እንዲቀጥል ያዛል። ማስረጃውን የማፈላለጉ ሸክም የተቀባዩ ትምህርት ቤት ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ ለሐረርም ይስማማል። በሁለተኛው ግን ጥንቃቄ ያሻል፤ ልጁ የሸሸው ከእንጀራ አባት ዱላ ከሆነ ወደ መንደሩ ትምህርት ቤት የሚላክ ደብዳቤ ያለበትን ይጠቁምበታል። ስለዚህ ከደብዳቤው በፊት ልጁ ራሱ ይጠየቅ።

ከተመዘገበ በኋላም አንድ ነገር ይቀራል። ማንኛውም ተማሪ አንድ ቀን ያጠፋል፤ «ወላጅህን ይዘህ ና» ይባላል። ለበረንዳ አዳሪው ይህ ቃል ከመባረር አይለይም። ስለዚህ ቀኑ ሳይደርስ፣ በምዝገባው ዕለት፣ በወላጅ ስም ፈንታ ሲጠራ የሚመጣ የአንድ ማኅበራዊ ሠራተኛ ስም ከመዝገቡ ይጻፍ።