ተላላፊ በሽታ ወደ ግቢያችን ሲገባ
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ የተነበበ ንግግር)



በዚህ የደስታ ቀን ስለ በሽታ መናገራችን አንዳንዶቻችሁን ያስገርም ይሆናል። ነገር ግን በአንድ አዳራሽ ለምንተኛ፥ ከአንድ ማዕድ ለምንበላ አዳሪ ተማሪዎች ከዚህ የሚቀርብ ጉዳይ የለም።

በኅዳር 1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ የተባለው ኢንፍሉዌንዛ አዲስ አበባ ገብቶ ብዙ ሕዝብ ፈጀ። በየዓመቱ ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ የምናቃጥለው የዚያ መታሰቢያ ነው። ግቢን ማጽዳት መልካም ነው፤ ይሁን እንጂ ኢንፍሉዌንዛ በትንፋሽና በሳል ስለሚተላለፍ ጢስ አያቆመውም። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ የመጀመሪያው የኮሮና ሕመምተኛ በአገራችን መጋቢት 4 ቀን ሲገኝ፥ ከሦስት ቀን በኋላ ትምህርት ቤቶች እንዲዘጉ ታዘዘ፤ ለወራትም ሳይከፈቱ ቆዩ። እንግዲህ ከመዘጋት በፊት ማድረግ የሚገባን ምንድን ነው?

ጥፋታችንን አንሸሽግም። ባለፈው ዓመት ፈተና ሲቃረብ አንድ ጓደኛችን ትኩሳት ያዘው። ከፈተና እንዳይቀር ብለን «ደኅና ነው» እያልን ሸሸግነው፤ በአንድ ኩባያም እየተቀባበልን ጠጣን። ሳምንት ሳይሞላ አንድ ረድፍ አልጋ በሙሉ ይስል ጀመር። ያዘንንለት መስሎን እርሱን ከሕክምና አዘገየነው፤ ሌሎቹንም ለሕመም ዳረግን። አባቶቻችን «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ያሉት ይኸንኑ ነው።

ስለዚህ የመኝታ ቤታችን መስኮት ይከፈት፤ አልጋዎቻችን ይራራቁ፤ ማራራቅ ባይቻል የአንዱ ራስጌ በሌላው ግርጌ በኩል ይሁን። እጃችንን በሳሙና እንታጠብ፤ ኩባያና ፎጣ የየራሳችን ይሁን፤ ስናስል አፋችንን በክንዳችን እንሸፍን። ትኩሳት የተሰማው ሁሉ በዚያው ሰዓት ለነርሷ ይንገር።

መምህራኖቻችንን የምንለምነው፥ የታመመ ተማሪ ሲድን እንዲፈተን እንዲፈቅዱለት ነው። ሕመም ማርክ የሚያስቀንስ ካልሆነ የሚደብቀው አይኖርም። ወላጆቻችንም የታመመ ልጅ ሳይሻለው ወደ ትምህርት ቤት እንዳይልኩ፥ ክትባቱንም በጊዜው እንዲያስከትቡ እናሳስባለን።

ተለይቶ የተኛውን ጓደኛችንንም አንርሳው። ምግቡን እስከ በሩ እናድርስለት፤ ያመለጠውን ትምህርት እንገልብጥለት፤ በመስኮት ቆመንም «አይዞህ» እንበለው። የምንርቀው ከበሽታው እንጂ ከወንድማችን አይደለምና።

እግዚአብሔር ትምህርት ቤታችንን ለብዙ ዘመን ይጠብቅልን።