ከመቃብር ቤት እስከ መቄዶንያ

ጧሪ ቀባሪ ለሌላቸው ድሆች አረጋውያን መጠለያ መሥራት በክርስቲያኑ ዓለም የቆየ ሥርዓት ሲሆን፣ በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የቂሣርያው ባስልዮስ ለሕሙማንና ለድሆች ካቆመው ሰፈር አንሥቶ፣ በጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር በ1521 ነጋዴው ያኮብ ፉገር በጀርመን አውግስቡርግ እስከ መሠረተው፣ ዛሬም ችግረኞች እስከሚኖሩበት የፉገራይ መንደር ይዘልቃል።

በኢትዮጵያ ይህን ተግባር ለረጅም ዘመን የፈጸመው ለዚሁ ተብሎ የተቋቋመ ቤት ሳይሆን የቤተ ክርስቲያን አጸድ ነው። ባሏ የሞተባት አሮጊት ቆብ ደፍታ፣ ማለትም መንኵሳ፣ በቅጥሩ ዙሪያ በተቀለሰች ጎጆ ወይም ባለጸጎች ለሙታናቸው ባሠሩት የመቃብር ቤት ትጠጋና፣ ከሰንበቴ፣ ይኸውም ምእመናን እሑድ እሑድ በየተራ ከሚያዘጋጁት የማኅበር ማዕድ፣ እንዲሁም ለሟች መታሰቢያ ከሚደገሰው ተዝካር በሚደርሳት እንጀራና ጠላ ትኖራለች፤ ለሙታን የተሠራው ቤት ለሕያዋን መዋሉ ከድንጋዩ ሐውልት የሚበልጥ መታሰቢያ ሳይሆን አይቀርም።

ለምሳሌ ከአዳማ ወደ አዋሽ በሚወስደው መንገድ ላይ በምትገኘው ወለንጪቲ አካባቢ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ አጸድ ጎን ለጎን የሙስሊሙ ዘካና ሰደቃ፣ እንዲሁም ጉዳት ለደረሰበት ወገን ከብትና እህል የሚዋጣበት የኦሮሞ ሥርዓት፣ ቡሳ ጎኖፋ፣ ችግረኛን ደግፈዋል። ይሁን እንጂ እነዚህ ሁሉ ዘመድ፣ ጎረቤት ወይም ማኅበር መኖሩን መነሻ ስለሚያደርጉ፣ ባቡርና አውራ ጎዳና ከየአገሩ ሰው ባሰባሰቡባቸው ከተሞች ብቻውን ያረጀ ሰው በቀላሉ ያመልጣቸዋል።

ቢኒያም በለጠ በ2002 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የመሠረተው መቄዶንያ የአረጋውያንና የአእምሮ ሕሙማን መርጃ ማዕከል እንዲህ ያሉትን ከጎዳና አንሥቶ የሚያጥብ፣ የሚመግብና የሚያሳክም ሲሆን፣ ለወጪውም ሕዝቡ በአጭር የስልክ መልእክት ሳይቀር ያዋጣል።