በገዛ ንግዱ ላይ የመሰከረው ጣውላ ነጋዴ

 



ዛሬ የምናነሳው ሰው ዓሊም አይደለም፤ ሙስሊምም አልነበረም። ጄምስ ሊትል ይባላል። «እሱ ከኛ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል አይጠፋም። ሐቅ ከማንም አፍ ቢወጣ ሐቅ ነው ብለን ነው ያመጣነው።

ሊትል በ1803 እ.ኤ.አ. አየርላንድ ተወለደ፤ በሃያ ዓመቱ ገደማ ወደ ካናዳ ተሰደደ። እዚያም ባለ ሱቅ ሆነ። የስደተኛ ሱቅ ምን እንደሆነ ደቡብ አፍሪካ ያሉ ወንድሞቻችን ያውቁታል፤ ቀን በዱቤ ሲሰጡ ውለው ማታ ሂሳብ ሲቆጥሩ ማደር ነው። በኋላ ግራንድ ሪቨር በሚባለው ወንዝ ዳር፣ ካሌዶኒያ በተባለች ከተማ፣ እንጨት መሰንጠቂያ ይዞ ትልቅ ጣውላ ነጋዴ ሆነ።

እዚህ ላይ ሳናልፈው የማንሄደው ነገር አለ። የዚያ ወንዝ ዳርና ዳር በ1784 ለስድስቱ ነገዶች፣ ለአገሩ ተወላጆች፣ በመንግሥት ቃል የተሰጠ መሬት ነበር። መጤው ሁሉ ገብቶበት ደኑን ጨረሰው። ስለዚህ ሊትልን ንጹሕ ሰው አድርገን አናቀርበውም።

የዘመኑ ሀብት ነጩ ፓይን የሚባል ረጅም ዛፍ ነበር። ለእንግሊዝ ገበያ ግንዱ በመጥረቢያ አራት ማዕዘን ተደርጎ ይጠረባል፤ ብዙው ጥሩ እንጨት ፍልጥ ሆኖ ጫካ ውስጥ ይቀራል። ፍልጡና ቅርንጫፉ ሲደርቅ እሳት ይነሳበታል፤ ያልተቆረጠውንም ይዞት ይሄዳል። ነጋዴው ደግሞ እርስ በርሱ እየተሽቀዳደመ ገበያው ከሚፈልገው በላይ ይቆርጣል፤ ዋጋው ይወድቃል፤ የወደቀውን ለማካካስ እንደገና ይቆርጣል።

ሊትል ይህን ያየው ከሩቅ አይደለም፤ በገዛ መዝገቡ ላይ ነው። በ1876፣ ዕድሜው ሰባ ካለፈ በኋላ፣ ስለ ካናዳና ስለ አሜሪካ የእንጨት ክምችት አንድ ጽሑፍ ሞንትሪያል ላይ አሳተመ። የአሜሪካ ደን ሊያልቅ ነው፣ ቀጥሎ የኛ ተራ ነው፣ የምንሸጠውም ከዋጋው በታች ነው፣ ቁረጡን ቀንሱ አለ። የሙያ ጓደኞቹ ሟርተኛ አሉት። ደኑ አያልቅም ባዮች ነበሩ።

እስቲ ወንድሞች፣ ከመካከላችን ስንት ነጋዴ አለ! ባለሥልጣን ሐቁን እንዲናገር በየጁምዓው ድምፃችንን ያሰማንበት ጊዜ ነበር፤ መብታችንም ነው። ግን ስኳር ሲደበቅ፣ ሚዛን ሲጎድል፣ በገዛ ገበያችን ላይ ስንቶቻችን ተናግረናል? ፍትሕን በነፍሳችን ላይ እንኳ ቢሆን እንድንመሰክር የታዘዝነው እኛ ነን። ይህን ስንል እኛ አስተማሪዎችም አንወጣበትም። ስለ ደመወዛችን እንጮሃለን፤ ቂርአቱን ስለምናቋርጥባቸው ቀኖች ዝም እንላለን።

ሽማግሌው አልተወም። በ1882 አሜሪካ ሲንሲናቲ ላይ ስለ ደን ትልቅ ጉባኤ ሲጠራ ከልጁ ከዊሊያም ጋር ሄደ። ጉባኤው በዚያው ዓመት ነሐሴ ላይ ሞንትሪያል ተሰበሰበ፤ ያን ጊዜ እንጨት ነጋዴዎቹ ራሳቸው መጥተው ተቀመጡ። በ1883 ኩቤክ ውስጥ የችግኝ መትከያ ቀን ተከበረ፤ ኦንታሪዮም የደን ጉዳይ የሚከታተል ሹም ሾመች።

ሊትል በዚያው ዓመት ሞተ።