ስለ ማሌትና ስለ ጡረተኞች

ክቡራን መምህሮቻችን፣ የባች ጓደኞቼ፤ የፃግብጂ ልጅ ስለ ባቡር ምን አገባት ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፤ እኛ አገር በሽተኛ ወደ ሰቆጣ የሚሄደው በቃሬዛ ነበር። ባቡር ያወቅሁት ከመጽሐፍ ነው።

የድሬዳዋ ልጆች አትቀየሙኝና፣ ከእንፋሎት ባቡሮች የምወደው የአስመራውን ማሌት ነው፤ አንሳልዶ እ.ኤ.አ. በ1938 የሠራውን። ከምጽዋ ባሕር ዳርቻ ተነስቶ፣ 95 ሳንቲ ሜትር በምትሰፋ ሐዲድ፣ ከ2,300 ሜትር በላይ ይወጣል። እንፋሎቱንም አንዴ ተጠቅሞ አይለቀውም። ከኋላ ባሉት ጠባብ ሲሊንደሮች በከፍተኛ ግፊት ይሠራበታል፤ ከዚያ ፊት ወዳሉት ሰፋፊዎች በዝቅተኛ ግፊት ይልከዋል። ልብን ላስተማራችሁን ይህ እንግዳ አይደለም፤ ግራና ቀኝ በሉት!

በጦርነት የፈረሰው ያ መስመር በ1990ዎቹ ሲጠገን ማን ተጠራ መሰላችሁ? ጡረተኞቹ። ሰባ ዓመት ያለፋቸው ሳይቀሩ ተመልሰው ወጣቶቹን አሠለጠኑ።

እዚህ ፊት ለፊት የተቀመጡት መምህሮቻችንም ጡረታ ወጥተዋል። የቫልቭን ድምፅ ያለ ኢኮ የሚለዩ ጆሮዎች ናቸው። ተማሪዎቹ ግን አያውቋቸውም። በየዓመቱ ሁለት ሳምንት ዋርድ ራውንድ ይምሩ፤ ትራንስፖርትና መኝታውን ማኅበራችን ይቻል እላለሁ። የዘንድሮውን እኔ እችላለሁ።