ለቪዲዮ ሥራችን ሁለት ፕሮሰሰር ወይስ ሃይፐርትሬዲንግ?

(በሰፈራችን ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



እንደምታውቁት ማኅበራችን ከየቤቱ በተዋጣው ገንዘብ አንድ ኮምፒዩተር ለመግዛት ወስኗል። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። የሽማግሌዎቻችን ምክርና ታሪክ፣ የሠርጉ ጭፈራ፣ የልጆቻችን ምረቃ በካሜራና በሞባይል ተቀርጾ በየሚሞሪው ተከማችቷል። ፋይሉ ከባድ ስለሆነ ግን በተራ ሞባይል አይከፈትም፤ ሩቅ ላለ ዘመድም አይላክም። ሚሞሪው ሲሞላብን ደግሞ አሮጌውን አጥፍተን በላዩ እንቀርጻለን። ዛሬ በሕይወት የሌሉ አባቶች ድምፅ በዚህ ዓይነት ከእጃችን ወጥቷል። ስለሆነም የሚገዛው ኮምፒዩተር ዋና ሥራ ቪዲዮውን ኮንቨርት አድርጎ ማሳነስና ማስቀመጥ ይሆናል።

ለግዥው ሁለት ሐሳብ ቀርቦልናል። አንደኛው ያገለገለ ሰርቨር ነው፤ ዚዮን ኢ5-2670 የሚባል ፕሮሰሰር ሁለት አለው። ሁለተኛው ባለ አንድ ፕሮሰሰር ኮምፒዩተር ነው፤ ኮር አይ7-8700 ይባላል፣ ሃይፐርትሬዲንግም አለው። ወጣቶቻችን «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ብለው ለሰርቨሩ ተከራክረዋል። እኛም መጀመሪያ ላይ ልባችን ወደዚያው አዘንብሎ ነበር። ቁጭ ብለን ስናሰላው ግን ሐሳባችንን ለውጠናል፤ ለምን እንደሆነ እናስረዳለን።

ነገሩን በሙቀጫ እንየው። በቆሎ ሲወቀጥ ሁለት እናቶች በአንድ ሙቀጫ ላይ ተፋጥጠው ሲወቅጡ አይታችኋል። አንዷ ዘነዘናዋን ስታነሣ ሌላዋ ታወርዳለች፤ ሙቀጫው ሥራ አይፈታም። ሃይፐርትሬዲንግ ማለት ይኸው ነው። ሙቀጫው ኮር የሚባለው እውነተኛው የሥራ ቦታ ሲሆን ሁለቱ ዘነዘናዎች በእሱ ላይ የሚፈራረቁ ሁለት ሥራዎች ናቸው። ኮምፒዩተሩ ሁለት ኮር ያለ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ሙቀጫው ግን ያው አንድ ነው። ኢንቴል ይህን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ2002 ሲያወጣ ራሱ የተናገረው ትርፍ እስከ 30 በመቶ እንጂ እጥፍ አልነበረም። ኮሩ ቀድሞውንም ያለ ዕረፍት የሚሠራ ከሆነ ትርፉ ከዚያም ያንሳል።

ሁለት ፕሮሰሰር ማለት ደግሞ ሌላ ግቢ ሌላ ሙቀጫ ይዞ ማለት ነው። ቪዲዮ ኮንቨርት ማድረግ ተከፋፍሎ ለብዙ እጅ የሚሰጥ ሥራ ስለሆነ ሁለተኛው ግቢ በእርግጥ ይጠቅማል። ይሁንና እያንዳንዱ ግቢ የራሱ የእህል ጆንያ አለው። ይህ ጆንያ ከፕሮሰሰሩ ጋር የተያያዘው ሚሞሪ ነው፤ ከጎረቤት ጆንያ እየተመላለሱ ሲያመጡ ጊዜ ይባክናል። ስለዚህ ፍጥነቱ ሁልጊዜ ልክ እጥፍ አይሆንም። ዊንዶውስ ሆም የሚባለው እትም ደግሞ አንድ ፕሮሰሰር ብቻ ስለሚቀበል ሁለተኛው ያለ ሥራ ይቀመጣል፤ ፕሮ ወይም ሊኑክስ ያስፈልጋል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር እንዳትስቱብን። በ2002 ጊዜ የተለመደው ፕሮሰሰር አንድ ኮር ብቻ ነበረው፤ ክርክሩም ያኔ ትልቅ ነበር። ከ2005 ጀምሮ ግን በአንድ ፕሮሰሰር ውስጥ ሁለት፣ ከዚያም አራትና ስድስት ኮር መግባት ጀመረ። ኢንቴል ራሱ በ2024 ባወጣቸው ኮር አልትራ 200ኤስ በሚባሉት ላይ ሃይፐርትሬዲንግን ትቶታል። እንግዲህ ዛሬ መጠየቅ ያለብን «እውነተኛው ኮር ስንት ነው? ስንት ዋትስ ይበላል?» ብለን ነው።

ሰርቨሩ ስምንት ስምንት ኮር፣ በድምሩ 16 አለው። ሌላው 6 ብቻ ነው ያለው። በዚህ ሰርቨሩ ይበልጣል፤ አንክድም። ወደ መብራቱ ስንመጣ ግን በወረቀት የተጻፈው ለእያንዳንዱ ዚዮን 115 ዋት፣ ለሁለቱ 230 ዋት ነው። የሌላው 65 ዋት ነው። ስምንት ሰዓት ቢሠሩ ፕሮሰሰሮቹ ብቻ 1.84 ኪሎ ዋት ሰዓት ለ0.52 ይሆናል ማለት ነው። ሰርቨሩ በመብራት እንዲያዋጣ ሦስት እጥፍ ተኩል መፍጠን አለበት፤ ኮሩ ግን ሦስት እጥፍ እንኳ አይሞላም፣ ያውም የ2012 ሥሪት ነው። እርግጥ 65 የተባለው ፕሮሰሰሩ ፍጥነቱን ከፍ ሲያደርግ ሊያልፍ ይችላል፤ በብዙ ማዘርቦርድ ግን እዚያው ላይ መገደብ ይቻላል።

ታዲያ ይህ ስሌት ለፑኝዶ ቀልድ አይደለም። መብራት ሲጠፋ በጄኔሬተር ወይም በሶላር ባትሪ ልንሠራ ነው። ሌሊቱን ሲሠራ ያደረ ፋይል ሊያልቅ ሲል ኃይል ቢቋረጥ ብዙውን ጊዜ እንደገና ከዜሮ ነው የሚጀመረው። ሙቀቱም አለ። በየካቲትና በመጋቢት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ 230 ዋት የሚተፋ ዕቃ ማስቀመጥ ምድጃ እንደ መጨመር ነው፤ ፕሮሰሰር ደግሞ ሲግል ራሱን ለማዳን ፍጥነቱን ይቀንሳል። ከፍለን የገዛነው ፍጥነት በሙቀቱ ተመልሶ ይሄዳል። ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ እውነት ነው፤ ሁለቱን የሚቀልብ ሲገኝ።

ሌላም ጥቅም አለ። አይ7-8700 ኩዊክ ሲንክ የሚባል ለቪዲዮ ብቻ የተሠራ ክፍል በውስጡ አለው፤ ዚዮኑ የለውም። ለሞባይል የሚላከውን በፍጥነት በዚህ እንሠራለን። በተመሳሳይ የፋይል መጠን ጥራቱ ትንሽ ዝቅ ስለሚል፣ የሽማግሌዎቹን ቃል የመሰለ ለዘለቄታው የሚቀመጥ ነገር ግን ቀስ ብሎ በፕሮሰሰሩ ይሠራ።

በመሆኑም የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው።

፩ኛ፤ ባለ አንድ ፕሮሰሰሩ ይገዛ። ሃይፐርትሬዲንጉ እንደ ምርቃት እንጂ እንደ ተጨማሪ ኮር ተቆጥሮ ዋጋ አይሰጠው።

፪ኛ፤ ገንዘቡ ከመከፈሉ በፊት ከመካከላችን ሁለት ሰዎች የራሳችንን የአሥር ደቂቃ ቪዲዮ ይዘው ይሂዱ። ሃንድብሬክ በሚባለው ነጻ ፕሮግራም ኮንቨርት አስደርገው ሰዓቱንና ዋቱን መዝግበው ይመለሱ። የሻጭ ወሬ ብቻ አይበቃንም።

፫ኛ፤ ከሰርቨሩ ይልቅ በዚህ የሚተርፍ ገንዘብ ካለ መብራት ሲቋረጥ የሚይዝ ዩፒኤስና ሁለት ሃርድ ዲስክ ይገዛበት። ዋናው ቅጂ በሁለት ቤት ይቀመጥ።

እስከዚያው ድረስ አንድ ነገር አደራ እንላለን። በሚሞሪያችሁ ላይ ያለውን የአባቶች ድምፅ ኮምፒዩተሩ እስኪመጣ ማንም እንዳያጠፋ። ቀርፋፋ ኮምፒዩተር ቢዘገይም ይጨርሳል፤ የጠፋውን ግን የትኛውም ፕሮሰሰር አይመልሰውም።